«ካልጠቆረ ደህና ነው» እና ሌሎች ስለ ልብ ክፍተት የሚነገሩ ስህተቶች

የሕፃናት ልብ ክትትል ክፍል ውስጥ ስሠራ በሁለቱ የላይኛው የልብ ክፍሎች መካከል ክፍተት ያለባቸው ልጆች ወላጆች ከምርመራ ወረቀቱ ጋር የሰፈር ወሬም ይዘው ይመጣሉ። ወላጅ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። እኔን የሚያበሳጨኝ ወሬው ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይሄ፦

«ክፍተቱ ቆሻሻውን ደም ከንጹሑ ጋር ስለሚደባልቅ ልጁ ይጠቁራል። ካልጠቆረ ደህና ነው።»

በሁለቱ የላይኛው የልብ ክፍሎች መካከል ባለ ክፍተት ደም የሚያልፈው በአብዛኛው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ከሳንባ ኦክስጅን ይዞ የመጣው ደም መጀመሪያ የሚገባው ወደ ላይኛው ግራ ክፍል ነው። ከዚያ ወደ ታች ወርዶ ወደ ሰውነት መሄድ ነበረበት። ግን የታችኛው ግራ ክፍል ግድግዳ ወፍራም ነው፣ የቀኙ ስስና በቀላሉ የሚለጠጥ። ደም ደግሞ በቀለለው በኩል ይሄዳል። ስለዚህ ከፊሉ በክፍተቱ ወደ ቀኝ ያልፍና ተመልሶ ወደ ሳንባ ይላካል። ኦክስጅን የጠገበ ደም እንደገና ኦክስጅን ሊቀበል! ቀኙ ልብ አንዱን ኩንታል ደጋግሞ ፎቅ እንደሚያወጣ ወዛደር በከንቱ ይለፋል።

ወደ ሰውነት የሚሄደው ደም ግን ኦክስጅኑ አልጎደለም። ለዚህ ነው ከንፈር የማይጠቁረው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ 97 በመቶ ሊያሳይ ይችላል። ልጁም ኳሱን ይጫወታል። ጉዳቱ የሚጠራቀመው ቀኙ ልብና ሳንባ ላይ ነው። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ወደ ሰውነት ከሚሄደው እጥፍ ይሆናል፤ ሊበልጥም ይችላል። ቀኙ ልብ እየሰፋ ይሄዳል። ብዙ ሰው ትንፋሽ ማጠሩና የልብ ምት መዛባቱ የሚሰማው ከ30 ዓመቱ በኋላ ነው።

መጥቆርስ? ሊመጣ ይችላል፤ ግን መጨረሻ ላይ። የሳንባ ደም ሥሮች ያን ሁሉ ደም ለዓመታት ሲሸከሙ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ይወፍራሉ፣ ግፊታቸው ይጨምራል። ከዚያ ደሙ አቅጣጫ ይቀይርና ከቀኝ ወደ ግራ ማለፍ ይጀምራል። እዚያ ከተደረሰ ክፍተቱን መዝጋት ራሱ አደገኛ ነው፤ ቀኙ ልብ የሚተነፍሰው በዚያ ቀዳዳ ነውና። እባካችሁ፣ መጥቆርን አትጠብቁ።

አንዲት እናት አስታውሳለሁ። ልጅ ሳለች ክፍተቱ ታይቶላት ነበር። «ትሮጣለች፣ አትጠቁርም» ተባለና ክትትሉ ቀረ። እኛ ጋ የመጣችው ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ነው። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲነሳ ቀኙ ልቧ በጣም ሰፍቷል። ደግነቱ የሳንባዋ ግፊት ብዙ አልጨመረም ነበር። ከወለደች በኋላ ተዘጋላት።

«የልብ ድምፁ ደህና ነው ተብሏል፤ ስለዚህ ክፍተት የለም።»

በክፍተቱ የሚያልፈው ደም ራሱ ድምፅ የለውም። ሐኪም የሚሰማው ትርፉ ደም ወደ ሳንባ በሚወስደው ቫልቭ (የልብ በር) ሲያልፍ ነው። አራስ ልጅ ላይ ደግሞ ቀኙ ልብ ገና ወፍራም ስለሆነ የሚያልፈው ደም ትንሽ ነው፤ ምንም ላይሰማ ይችላል።

«ሲያድግ ይደፈናል።»

ከ5 ሚሊሜትር በታች የሆነው ብዙ ጊዜ ይደፈናል። ከ10 በላይ የሆነው ግን እምብዛም አይደፈንም። ከቫልቮቹ አጠገብ ያለው ወይም ደም መላሾች በሚገቡበት በኩል ያለው በራሱ አይዘጋም። ከ4 ጎልማሶች በ1ዱ ላይ ሳይታሸግ የሚቀረው የጽንስ ጊዜ መተላለፊያ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የግድግዳ ጉድለት ሳይሆን በደንብ ያልተጣበቀ ክዳን ነው።

«ቶንሲል ልቡ ውስጥ ገብቶ ነው።»

አይደለም። በቶንሲል ምክንያት የሚመጣው ሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቭ ይጎዳል እንጂ ግድግዳ አይበሳም። ሩማቲክ ያለበት ልጅ የፔኒሲሊን መርፌውን እንዳያቋርጥ። ክፍተት ብቻ ያለበት ልጅ ግን ያ መርፌ አያስፈልገውም። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ለሁለቱም አይረዳም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው ትርፉ።

«እናቱ ደንግጣ ነው።» ድንጋጤ ልብ አይበሳም። እናትየውን ተዉአት።

«እንዲህ ያለባት ልጅ አትወልድም።» ክፍተቱ ተዘግቶ የሳንባ ግፊቷ ደህና ከሆነ አብዛኞቹ በሰላም ይወልዳሉ። እርግዝና የሚከለከለው የሳንባ ግፊቱ በጣም ሲጨምር ነው።

«ደረት ካልተከፈተ አይድንም።»

ዶክተር ጆን ጊበን በ1953 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ውስጥ በልብና ሳንባ ማሽን ታግዞ የዘጋው ይህንኑ ክፍተት ነበር፤ ያኔ ደረት መክፈት ግድ ነበር። ዛሬ መሐል ግድግዳው ላይ ያለውን ክፍተት፣ ዙሪያው በቂ ጠርዝ ካለው፣ በብሽሽት ደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ መዝጋት ይቻላል። የሽቦ መረብ መሣሪያ ይቀመጥበታል፤ በወራት ውስጥ የልብ ሥጋ ይሸፍነዋል። የቀሩት ዓይነቶች ቀዶ ሕክምና ይፈልጋሉ።

በአገራችን ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለው የልብ ማዕከል ሕፃናትን ያክማል፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ስለዚህ ኢኮ እንደተነሳ ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ክፍተቱ ስንት ሚሊሜትር ነው? የት ቦታ ላይ ነው? ቀኙ ልብ ሰፍቷል ወይ? ሰፍቷል ካሏችሁ ልጁ ቢሮጥም ባይሮጥም በዚያው ሳምንት አስመዝግቡት። የኢኮ ወረቀቱንም አትጣሉ፤ የሚቀጥለው ሐኪም የሚያወዳድረው ከሱ ጋር ነው።