ኮምፒውተሩ የመለሰው የጠየቃችሁትን ነው

ግሉኮሳሚን ለመገጣጠሚያ ጤና ተብሎ የሚሸጥ ውህድ ነው። የሞለኪውሉን የንዝረት ስፔክትረም (አቶሞቹ በየትኞቹ ድግግሞሾች እንደሚርገበገቡ የሚያሳይ ንድፍ) በኮምፒውተር አስልተው ከላቦራቶሪ ልኬት ጋር የሚያነጻጽሩ ተማሪዎች ዘንድሮም አምና የሰማኋቸውን የተሳሳቱ አባባሎች ይዘውልኝ መጡ። መመለሱ ስለ ታከተኝ እጽፈዋለሁ።

«ስሌቱና ልኬቱ ስለ ገጠሙ መድኃኒቱ ይሠራል።» ስፔክትረም የውህዱን ማንነት እንጂ ፈዋሽነቱን አይናገርም። በ2006 የታተመ፣ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት) ያለባቸውን 1583 ሕመምተኞች ያሳተፈ የአሜሪካ ጥናት፣ ግሉኮሳሚን በጥቅሉ ሲታይ ከባዶ ክኒን የጎላ ብልጫ እንዳላሳየ ደምድሟል።

«ሀሳባዊ ድግግሞሽ ቢወጣም ችግር የለውም።» አለው። እንዲህ ያለ ድግግሞሽ፣ የአሉታዊ ቁጥር ካሬ ሥር ሆኖ የሚወጣው፣ ሲታይ የሞለኪውሉ ቅርጽ ዝቅተኛው የኃይል ነጥብ ላይ አልደረሰም ማለት ነው። ቅርጹን አስተካክላችሁ እንደገና አስሉ።

«በኢንፍራሬድ ብርሃን ልኬት ላይ ያልታየ ንዝረት ጨርሶ የለም ማለት ነው።» ለመገጣጠሚያ የሚሸጠው ሌላው ውህድ፣ ሜቲልሰልፎኒልሜቴን፣ 27 ንዝረቶች አሉት። ከነዚህ አምስቱን የሞለኪውሉ ሲሜትሪ (የቅርጹ ተመጣጣኝነት) ከኢንፍራሬድ ይሰውራቸዋል፤ የሚፈለጉት በራማን፣ ማለትም ከሞለኪውሉ የተበተነ ብርሃንን በሚለካው ሌላ ዘዴ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ስሌቱና ልኬቱ ካልገጠሙ አንዱ ተሳስቷል» ይሉኛል። የሚያሰሉት በባዶ ቦታ ብቻውን የተቀመጠ አንድ ሞለኪውል ነው። መሣሪያው ውስጥ ያስገቡት ግን ዱቄት ነው! በክሪስታሉ ውስጥ ሞለኪውሎቹ በሃይድሮጅን ትስስር ተያይዘዋል፤ ትስስሩ የኦክስጅንና የሃይድሮጅንን ቦንድ ያላላዋል። ብቻውን ሲሆን ከ3600 ሞገድ በሴንቲሜትር አካባቢ የሚጠበቀው ንዝረት በዱቄቱ ላይ በመቶዎች ዝቅ ብሎ፣ ሰፍቶ ይታያል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የተጠየቁት ግን ስለተለያየ ነገር ነው።

ይህን ስል «የተሰላውን ድግግሞሽ በ0.96 እናባዛዋለን» የሚል አይጠፋም። ይህ ቁጥር ቢ3ኤልዋይፒ ለተባለው የስሌት ስልት የሚያገለግል ግምታዊ ማረሚያ ነው። ስሌቱ ቦንድን እንደ ፍጹም ሞላ በመቁጠሩ የሚመጣውን ግነት ይቀንሳል። የጎደለ ጎረቤት ሞለኪውልን ግን አይተካም።

አንድ ትጉ ተማሪዬ ስሌቱን እያከበደ ወራት ፈጀ፤ ልዩነቱ ግን አልጠበበም። የዱቄቱን ጠርሙስ አምጣው አልኩት። ጽሑፉ «ሃይድሮክሎራይድ» ይላል፣ ማለትም ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር የተሠራ ጨው። እርሱ ያሰላው ገለልተኛውን ግሉኮሳሚን ነበር፦ 25 አቶም፣ 69 ንዝረት። በጨው ውስጥ ግን ናይትሮጅኑ አንድ ፕሮቶን (የሃይድሮጅን አዮን) ተቀብሏል፦ 26 አቶም፣ 72 ንዝረት፣ አጠገቡም ክሎራይድ። ያ ሁሉ ድካም ያለቀው ጠርሙሱ ውስጥ በሌለ ሞለኪውል ላይ ነው፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ጠርሙሱን አንብቡ። ሃይድሮክሎራይድ ነው ወይስ ሰልፌት? የሞለኪውሉ ቀለበት አልፋ ነው ወይስ ቤታ (በቀለበቱ ላይ ያለ የአንድ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ቡድን አቅጣጫ)? የተለካው ዱቄት ነው ወይስ በውሃ የሟሟ? የክሪስታሉ መዋቅር ታትሞ ከሆነ ከዚያ ጀምሩ፤ ቢያንስ ክሎራይዱንና የቅርብ ጎረቤቶቹን ስሌቱ ውስጥ አስገቡ።