ቀጭን ሰውም ኮሌስትሮል አለበት

«ስብ አልበላም፣ በየቀኑ እሮጣለሁ፤ ኮሌስትሮልህ ከፍ ብሏል ያለኝ ላቦራቶሪ ተሳስቶ ነው።» ምርመራው ይደገም። ሁለተኛው ውጤትም ያው ከሆነ ግን ላቦራቶሪውን መውቀስ ይብቃ።

በደም ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው ሰውነት ራሱ ነው። ኤልዲኤል የተባለውን፣ ሰው «መጥፎው» የሚለውን ኮሌስትሮል፣ ከደም የሚለቅመው በዋናነት ጉበት ሲሆን የሚለቅመውም በሴሎቹ ላይ ባሉ ተቀባዮች ነው። ከእናት ወይም ከአባት አንድ የተበላሸ የተቀባይ ጂን የወረሰ ሰው፣ በደንብ የሚሠሩለት ተቀባዮች ግማሽ ያህሉ ናቸው። ስለዚህ ኤልዲኤሉ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ከፍ ብሎ ይኖራል። ከ250 ሰው አንዱ ገደማ እንዲህ ያለ ውርስ አለበት፤ «ብርቅዬ በሽታ» የሚሉት ይህን ቁጥር ይያዙልን።

እስቲ እናስላው። ኤልዲኤሉ 240 ሚሊግራም በዴሲሊትር የሆነ ሰው በአመጋገብ ብቻ 12 በመቶ ቢቀንስ (ጥሩ ውጤት ነው) 211 ላይ ይቆማል። አዋቂ ሰው 190ና ከዚያ በላይ ከሆነ ውርስ መጠርጠር አለበት። ሩጫ ለደም ግፊትና ለስኳር ይበጃል፣ ትራይግሊሰራይድ የተባለውን ሌላ የደም ስብም ያወርዳል፤ ኤልዲኤልን ግን እምብዛም አይነካውም። ጠንከር ያለ የስታቲን (የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒት) መጠን ግማሹን ያህል ሲቀንስ 211 የነበረው 105 አካባቢ ይደርሳል። ኢዜቲማይብ የተባለ ሌላ መድኃኒት ሲታከልበት ከቀረው አንድ አምስተኛው ይወርድና 84 ገደማ ይሆናል። ስታቲኑን እጥፍ ማድረግ ውጤቱንም እጥፍ የሚያደርግ የሚመስለው ብዙ ነው፤ የሚያስገኘው ተጨማሪ ቅናሽ 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሁለተኛ መድኃኒት የሚታዘዘውም ለዚህ ነው።

«ወረደልኝ፣ አቆምኩት።» የወረደው በመድኃኒቱ ነው። ጂኑ እንዳለ ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቁጥሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

«ቢኖርብኝ ይሰማኝ ነበር።» አይሰማም። አንዳንዱ ላይ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ይወፍራል፣ ወይም ገና ከ45 ዓመት በታች ሳለ በጥቁሩ የዓይን ክፍል ዙሪያ ነጭ ቀለበት ይወጣል። ብዙዎቹ ላይ አንዱም አይታይም።

ሁሉን ነገር በዘር ማሳበብም ስህተት ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስና በሽንት ፕሮቲን የሚያስወጣ የኩላሊት ሕመም ኤልዲኤልን ስለሚያንሩ፣ መጀመሪያ ቲኤስኤች (የታይሮይድ የደም ምርመራ) እና ሽንት ይታዩ።

«ልጅ ምን ኮሌስትሮል አለው?» ወላጁ ይህ ውርስ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ምርመራውም ከ2 ዓመት ጀምሮ ሊደረግ ይችላል። የልጅ ኤልዲኤል 160 ከደረሰ «ሲያድግ ይተወዋል» አይባልም። ወንድምና እህትም ይመርመሩ፣ ቀጭኑም ጭምር።