«እኔ ጋ ደረቅ ነው»፦ ፎቅ ቤት ውስጥ ውሃ ሲያፈስ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሥራዬ የቧንቧና የሳኒተሪ ጥገና ነው። ፎቅ ቤት ውስጥ የምጠራው አብዛኛውን ጊዜ የታችኛው ቤት ጣሪያ ረጥቦ፣ ሁለቱ ጎረቤቶችም ተኳርፈው ነው። ላይኛው ቤት በር ላይ የሚቀበለኝን ንግግር በቃሌ ይዤዋለሁ። «እኔ ጋ ደረቅ ነው፤ ግባና በዓይንህ እይ።» እገባለሁ። ወለሉ እውነትም ደረቅ ነው። ባለቤቱ አልዋሹም። ግን ደረቅ ወለል ምንም አያረጋግጥም። ይህን ማስረዳት ሰልችቶኛል። በዚህች አንዲት እምነት የተነሳ ታች ያለው ቤተሰብ ለወራት ባልዲ ደቅኖ ይኖራል።

«ወለሌ ደረቅ ስለሆነ ውሃው ከእኔ አይደለም»

ወለል ላይ ተኝቶ የሚታይ ውሃ ገና ወደ ታች አልወረደም። ጣሪያ የሚያበላሸው ወርዶ ከዓይን የጠፋው ነው። የምትረግጡት ሴራሚክ ነው። ከሴራሚኩ ሥር የሲሚንቶና የአሸዋ ንጣፍ አለ። ከዚያ ሥር ውሃ የሚከለክለው ልባስ ይመጣል፣ ከሱ ቀጥሎ ሶሌታው፣ ማለትም ፎቁን የሚሸከመው ኮንክሪት። በሴራሚኮቹ መሃል ያለው ሲሚንቶ ውሃ ያሳልፋል። ሻወር በወሰዳችሁ ቁጥር ትንሽ ውሃ በዚያ በኩል ይሰርጋል። ልባሱ ጤነኛ ከሆነ እዚያው ይገታዋል። ከተቀደደ፣ ግድግዳው ጥግ ላይ ወደ ላይ ካልታጠፈ ወይም ከመጀመሪያው ካልተሠራ ግን ውሃው ሶሌታው ውስጥ ይገባል። ኮንክሪት ጠንካራ ነው እንጂ ውሃ አያግድም። ላዩ በጥቂት ሰዓት ይደርቃል፤ ሥሩ ለሳምንታት እንደረጠበ ይቆያል። ስለዚህ ወለላችሁን በእጃችሁ ዳሳችሁ «ደረቅ ነው» ማለታችሁ መልስ አይሆንም።

መልስ የሚሰጠው ፈተና ነው። ውሃው ከሦስት ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ ለሦስቱም ፈተናው የተለያየ ነው።

አንደኛው ግፊት ያለው የንጹህ ውሃ መስመር ነው። ይህ ቀንም ሌሊትም፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ባይኖርም ያፈሳል። ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጉ። የሽንት ቤቱን ማጠራቀሚያ መዝጊያም ዝጉ፤ እሱ ውስጥ ለውስጥ የሚያፈስ ከሆነ ያሳስታችኋል። ከዚያ ቆጣሪውን ፎቶ አንሱና ውሃ ሳትነኩ ሁለት ሰዓት ቆዩ። ሌሊቱን ሙሉ ብትተዉት ደግሞ የተሻለ ነው። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ከቆጣሪው ወዲህ የሆነ ቦታ ውሃ እየወጣ ነው። የሙቅ ውሃውን መስመር አትርሱ። የማሞቂያውን መግቢያ ዘግታችሁ ፈተናውን ስትደግሙ ቆጣሪው ከቆመ ጥፋቱ በዚያ በኩል ነው።

ሁለተኛው የቆሻሻ ውሃ መስመር ነው። ይህ የሚያፈሰው ስትጠቀሙ ብቻ ስለሆነ ቆጣሪ አያሳየውም። እዚህ የምግብ ማቅለሚያ ይረዳል። በአንድ ማስወጫ ብቻ ቀለሙን ከብዙ ውሃ ጋር ልቀቁና ታች ያለው ሰው ይጠብቅ። ሽንት ቤቱን፣ መታጠቢያውንና የወጥ ቤቱን ሲንክ በተለያየ ቀን ሞክሩ፤ አንድ ላይ ከሞከራችሁ የቱ እንደሆነ አታውቁም። ቀለሙ ታች ከታየ ጉዳዩ አለቀ። ካልታየ ግን ነጻ ናችሁ ማለት አይደለም። ኮንክሪቱ ቀለሙን ሊያስቀረው፣ ውሃውም ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል።

ሦስተኛው ራሱ ወለሉ ነው። መጀመሪያ አንድ ባልዲ ውሃ ወለሉን ሳታረጥቡ በቀጥታ ወደ ማስወጫው አፍስሱ። ታች ካንጠባጠበ ቱቦውን ጠርጥሩ። ካላንጠባጠበ ማስወጫውን በደንብ ድፈኑና ወለሉ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ አቁሙ። ከበሩ ደፍ አይብለጥ። ከፍታውን ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሩና 24 ሰዓት ተዉት። ታች ካንጠባጠበ ልባሱን ጠርጥሩ። ይህን ስታደርጉ የታችኛውን ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ በድንገት ጣሪያው ላይ ጎርፍ አይውረድበት።

አንድ ቤት ውስጥ ላይ የሚኖሩት እናት አጥብቀው ይከራከሩ ነበር። ማስወጫው ላይ ባልዲ ሙሉ ውሃ ደፋን፤ ታች ምንም የለም። «አየህ?» አሉኝ። ቀጥሎ ልጆቻቸው ሲታጠቡ ውሃ የሚረጭበትን ጥግ ብቻ አረጠብን። ብዙም ሳይቆይ ታችኛው ቤት ጣሪያ ላይ ጠብታ መጣ። ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ልባሱ ወደ ላይ አልታጠፈም ነበር። እኚህ ሴት ክፉ ሰው አልነበሩም። የሚያዩትን ነበር የሚያምኑት።

«ጠብታው ካለበት ቀጥታ ወደ ላይ ያለው ነው የሚያፈሰው»

ሌላው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ስህተት ይህ ነው። ውሃ ሶሌታ ላይ ተኝቶ፣ በቱቦ ጀርባ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ሄዶ፣ ቀዳዳ ያገኘበት ቦታ ይወርዳል። መኝታ ቤት ጣሪያ ላይ ታይቶ ምንጩ ኮሪደሩ ማዶ ያለ ሻወር ሊሆን ይችላል። ከጎን ቤት፣ ከሁለት ፎቅ በላይ፣ ወይም ከውጭ ግድግዳ ስንጥቅ የገባ ዝናብም ሊሆን ይችላል። ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚብስ ከሆነ ቧንቧ ከመንካታችሁ በፊት ውጩን፣ ሰገነቱንና ጣሪያውን እዩ።

አንጀቴን የሚያሳርረኝ ሳይመረምር መዶሻ የሚያነሳ ባለሙያ ነው። አንድ ሕንፃ ላይ የላይኛው ቤት መታጠቢያ ወለል ሙሉ በሙሉ ፈርሶ ደረስኩ። የሚያፈሰው ለሁሉም ቤት የጋራ የሆነው ቀጥ ብሎ የሚወርደው የፍሳሽ ቱቦ ነበር። ወለሉ ሲፈርስ ደህና የነበረው ልባስ ተቀደደ፤ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ሆነ። ማፍረስ የመጨረሻ እርምጃ ነው። «መጀመሪያ እናፍርስና እንየው» የሚል ሰው ከመጣ አሰናብቱት።

«ጣሪያ ላይ ውሃ ካለ የግድ ቧንቧ ፈንድቷል»

አይደለም። አየር በማይገባበት መታጠቢያ ቤት እንፋሎቱ ቀዝቃዛ ጣሪያና ቧንቧ ላይ ሲያርፍ ጠብታ ይሆናል። ቦታውን አድርቃችሁ የአሉሚኒየም ፎይል ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፉና አንድ ቀን ተዉት። ወደ ክፍሉ የዞረው ፊት ከረጠበ እንፋሎት ነው። ከፎይሉ ጀርባ ከረጠበ ከውስጥ የመጣ ነው።

«ሲሊኮን ዙሪያውን ብንቀባው ያልቃል»

ሲሊኮን የጠርዝ ክፍተት ይዘጋል እንጂ የተቀደደ ልባስ አይተካም። በአሮጌና በሻገተ ሲሊኮን ላይ የተደረበ ደግሞ ጨርሶ አይይዝም።

«ታች ውሃ የማያሳልፍ ቀለም ቀብተን እንገላገል»

ከላይ የሚገፋ ውሃ ቀለሙን ያሳብጠዋል፣ ይልጠዋል፤ ካልሆነም በሌላ በኩል ይወጣል። ከዚህ የሚብሰው ግን የማይታየው ነው። ውሃው ሶሌታው ውስጥ በቆየ ቁጥር ፌሮው፣ ማለትም ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት፣ ይዝጋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ሰንጥቆ ያራግፈዋል። ጣሪያው ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ውሃው ከሲሚንቶው ያወጣው ጨው ነው። ቡናማ የዝገት መስመር ካያችሁ ግን ቀለም ቀቢ ሳይሆን መሐንዲስ ጥሩ።

«ጠብታ ናት፣ ምን ታመጣለች»

በሴኮንድ አንድ ጠብታ በቀን 86,400 ጠብታ ነው። ትንሽ ጠብታ እንኳ ብትሆን ከ4 ሊትር ያላነሰ ውሃ በየቀኑ ጣሪያችሁ ውስጥ ይገባል። እርጥብ ልስንና ጅብሰም ላይ ሻጋታ ለመጀመር ሁለት ቀን ይበቃዋል።

«መብራቱ እስከሠራ ድረስ ችግር የለም»

ይህ አስተሳሰብ ሰው ይገድላል። ውሃ በመብራቱ ወይም በሶኬቱ አካባቢ ከታየ የዚያን መስመር ብሬከር አውርዱ። እጃችሁም እግራችሁም ደረቅ ይሁን። መስመሩ በባለሙያ እስኪታይ ድረስ መልሳችሁ አታብሩ።

«ማን እንደሚከፍል ሳይታወቅ ማንም አይንካው»

ምንጩ ሳይታወቅ ከፋዩ እንዴት ይታወቃል? ስብሰባ ላይ ሲጨቃጨቁ አይቻለሁ፤ ውሃው እየወረደ። በብዙ ሕንፃዎች ለአንድ ቤት ብቻ የሚያገለግል መስመር የባለቤቱ ነው፤ ሁሉን የሚያገለግለው የጋራ ነው። የእናንተን ሕንፃ ደንብና ውል ግን አንብቡ። እስከዚያው ላይኛው ቤት የውሃውን መዝጊያ ይዝጋ። ታችኛው ቤት ቀኑ የሚታይበት ፎቶ ያንሳ፣ የሚያንጠባጥብበትን ሰዓት ይጻፍ። «ጠዋት ሻወር ሲወሰድ ብቻ» የምትል አንዲት መስመር የእኔን ግማሽ ሥራ ትሠራልኛለች። ለላይኛው ጎረቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ጥሩ ነው፤ ግን መጀመሪያ በር አንኳኩታችሁ በደግ ቃል ተነጋገሩ። ሲፈተን ሁለቱም ወገን፣ ቢቻል የሕንፃው አስተዳዳሪም ባሉበት ይሁን። አብረው ያዩትን ማንም አይክድም።

«ተጠገነ ከተባለ በኋላም ረጥቧል፤ ስለዚህ አልተጠገነም»

ሶሌታው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ከጥገናው በኋላም ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት መውረዱን ይቀጥላል። በማግስቱ ሄዳችሁ የላይኛውን ሰው በር አትደብድቡ። የእድፉን ጠርዝ በእርሳስ ዙሩትና ቀኑን አጠገቡ ጻፉ፤ በየሳምንቱ እዩት። መስመሩን አልፎ መስፋቱን ከቀጠለ ጥሩኝ። ከቆመና እየነጣ ከሄደ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ የተፈረካከሰውን ልስን አንሱ፣ እድፍ የሚሸፍን የዘይት ቀለም ከሥር ቀቡና ከዚያ የጣሪያውን ቀለም አስከትሉ።