ፐልስ ኦክሲሜትር፦ ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ

ፐልስ ኦክሲሜትር በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠንና የልብ ምትን ያለ መርፌ የሚለካ መሣሪያ ነው። ከልብስ መቆንጠጫ ብዙም አይበልጥም። «ሳቹሬሽኑ ስንት ነው?» (ደሙ ሊይዝ ከሚችለው ኦክስጅን ስንት በመቶውን ይዟል?) የሚለው የሐኪም ቤት ጥያቄ በኮቪድ ጊዜ ሳሎን ድረስ የገባው በዚህች ዕቃ ነው።

አሠራሩ ደስ ይላል። በአንዱ ጎን ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ። ኦክስጅን የያዘ ደም ኢንፍራሬዱን አብዝቶ ይውጣል፤ የጎደለው ደግሞ ቀዩን። ከማዶ ያለው ተቀባይ የተረፈውን ብርሃን ይለካል። ሥጋውም አጥንቱም ብርሃን ይይዛሉ፤ ከልብ ምት ጋር ከፍ ዝቅ የሚለው ግን ደሙ ነው። ይህን የለየው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አዮያጊ ነው። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1974 አቀረበ፤ ዓለም መሣሪያውን በተሻማበት በ2020 አረፈ።

ገመድ አልባዎቹ ቁጥሩን በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይልካሉ፤ ስልኩ ለሐኪሙ ያደርሳል። ብሉቱዝ ባይኖርም ግን ሥራው አይቆምም። እንግሊዝ በኮቪድ ጊዜ መለኪያውን ለታማሚዎች ቤታቸው ሰጥታ ነበር። ቁጥሩን ራሳቸው ይመዘግቡ ነበር። መመሪያው ይህ ነበር፦ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና ነው፤ 93 ወይም 94 ከሆነ ስልክ መደወል፤ 92ና ከዚያ በታች ከሆነ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሮጥ።

ይህ መስፈርት እንዳለ ለእኛ አይገለበጥም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ የጤነኛ ሰው ቁጥርም ትንሽ ዝቅ ይላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የቆዳ ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የጣቱን ቁጥር ከደም ምርመራ ጋር አስተያዩ። መለኪያው ከ92 እስከ 96 እያሳየ የደሙ ኦክስጅን ከ88 በታች የሆነው በጥቁር ታካሚዎች 11.7 በመቶ፣ በነጮች 3.6 በመቶ ጊዜ ነበር። መሣሪያው «ደህና ነህ» እያለ ሰው እየታፈነ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከሩቅ የሚከታተል ሐኪም «ስንት አለ?» ብሎ ስልኩን መዝጋት የለበትም። ደረጃ ስትወጣ ያለከልክሃል? አንድ ዓረፍተ ነገር ሳታርፍ ትጨርሳለህ? ብሎ መጠየቅ አለበት።

ቤት ውስጥ ለሚለካ ሰው ደግሞ፦ የጥፍር ቀለምና ጥቁር ሂና ንባቡን ያዛባሉ፤ ከእነሱ ነፃ የሆነ ጣት ይመረጥ። እጅ ከቀዘቀዘ ይሟሟቅ። ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀሱ መጠበቅ ነው።