የጂአርኢ ድርሰት፦ «ሸምድደህ ግባ» የሚለው ምክርና ሌሎች ስሕተቶች

ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አሜሪካ ለማመልከት ጂአርኢ የተባለውን የመግቢያ ፈተና የሚወስዱ ተማሪዎችን ሳዘጋጅ ዓመታት አልፈዋል፤ በየዙሩም አንድ ሰው አይጠፋም፦ «መምህር፣ ለማንኛውም ርእስ የሚሆን አንድ ድርሰት ሸምድጄ ብገባስ?» መልሴ ዘንድሮም ያው ነው። አይሆንም።

ፈተናው ርእስ ሰጥቶ ብቻ አይተውም፤ ከርእሱ ሥር የተፈታኙን ሥራ የሚወስን መመሪያ አለ፣ መመሪያውም ይለያያል። አንዱ በሐሳቡ ምን ያህል እንደምንስማማ ይጠይቃል፤ ሌላው አቋማችንን የሚሞግቱ ጠንካራ ምክንያቶችን አንሥተን እንድንመልስ ያዛል፤ ሌላው ደግሞ የቀረበው ምክረ ሐሳብ የሚበጅበትንና የማይበጅበትን ሁኔታ እንድናሳይ ይፈልጋል። የተሸመደደ ድርሰት ለሦስቱም አንድ መልስ ብቻ አለው።

አንድ ተማሪዬ «አንድ አገር ተማሪዎቹን ሁሉ ኮሌጅ እስኪገቡ ድረስ በአንድ ሥርዓተ ትምህርት ሊያስተምር ይገባል» በሚል ርእስ ተለማመደ። (ርእሱ የፈተናው አዘጋጅ ኢቲኤስ በድረ ገጹ በነፃ ካወጣው ዝርዝር የተወሰደ ነው፤ ሸምዳጆቹ ግን ዝርዝሩን ከፍተው አያዩትም።) ድርሰቱ በሰው ልጅ ሥልጣኔ ተጀመረ፣ በአንስታይን በኩል ወደ ማንዴላ ተሻገረ፣ «ፕሌቶራ» (ብዛት) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሦስት ጊዜ ደገመ፤ ሥርዓተ ትምህርት የተነሣው መጨረሻው አንቀጽ ላይ ነበር። ይኸው ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ፣ 9ኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውም ሒሳቡም በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ የሆነበት ነው። ስለዚያ ዓመት ንገረኝ ስለው፣ ፎቶሲንተሲስን ጠንቅቆ እያወቀ ጥያቄው ስላልገባው ብቻ ዝም ያለበትን ቀን አወራኝ። አንድ ዐይነት ይዘት በተለያየ ቋንቋ ሲሰጥ በእርግጥ «አንድ» ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚያች ቀን በቀጥታ ይወጣ ነበር፤ እሱ ግን አንስታይንን መርጧል።

በዚህ ላይ ኢቲኤስ ድርሰቶችን በሶፍትዌር ያመሳክራል፤ ከሌሎች ጽሑፍ ጋር በእጅጉ የሚመሳሰል ድርሰት ውጤቱ ሊሰረዝ ይችላል።

የቀሩት ስሕተቶች ይህን ያህል አያደክሙም። «ድርሰቱ ሁለት ነው» የሚሉ የቆዩ መጻሕፍትን አንብበው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ወዲህ የሚጻፈው አንድ ብቻ ነው፣ በ30 ደቂቃ። «የሚያርመው ኮምፒውተር ብቻ ነው» ሐሰት ነው፤ ሰውም ኮምፒውተርም ያያሉ፣ ነጥባቸው ከተራራቀ ሁለተኛ ሰው ይጨመራል። አቋምን በተመለከተ መደገፍም መቃወምም ይቻላል፤ የሚለካው ማስረጃውና አመክንዮው ነው።

«አንድ የፊደል ግድፈት ከፍተኛውን ነጥብ፣ 6ን፣ ያሳጣል» የሚለውም ልክ አይደለም፤ ጥቃቅን ስሕተቶች ያሉበት ድርሰት 6 ሊያገኝ ይችላል። ይሁንና የፈተናው መጻፊያ የፊደል አራሚ ስለሌለው፣ ቤት ውስጥ አራሚውን አጥፍቶ መለማመድ ይገባል። ያ ልጅ በሳምንቱ ባመጣው አዲስ ድርሰት ፎቶሲንተሲስን ሁለት ቦታ አሳስቶ ጽፎታል፤ እኔም አስምሬበት አለፍኩና ከመጀመሪያው ድርሰቱ ይልቅ አንድ ነጥብ ተኩል ጨመርኩለት።