ስትሮክ ሲይዝ ስልክ ምን ይጠቅማል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በመካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ከከባድ መኪና ኋላ ተሰልፎ የወጣ ሰው ግን ጉዞው በኪሎ ሜትር እንደማይለካ ያውቃል። በስትሮክ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ደግሞ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ሴሎች እንደሚሞቱ ይገመታል። ቀድሞ በስልክ በመደወል መንገዱ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ሆስፒታሉ የሚዘጋጅበት ጊዜ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። ይህን የሚያደናቅፉ አባባሎች አሉ።

«አፉ የተጣመመው ምች መትቶት ነው»

ዳማከሴን ማንም አይንቅም። ግን ፊት በድንገት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና ቅጠል ፍለጋ ጓሮ የሚኬድበት ጊዜ የለም። አዲስ አበባ ያሉት ልጆች እስኪሰሙም አይጠበቅም። አምቡላንስ ይጠራ፤ ከሌለ በተገኘው መኪና ጉዞ ይጀመር።

«ሐኪም ሳይዳስስ በስልክ ምን ያያል?»

በቪዲዮ ጥሪ ብዙ ያያል። «ጋሼ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉ፤ ሁለቱን እጅዎን ዘርግተው ያቆዩ፤ ያልኩትን ይድገሙልኝ።» የስትሮክ ክብደት ከሚለካባቸው ፍተሻዎች አብዛኞቹ በዓይንና በጆሮ የሚከናወኑ ናቸው። በጀርመን ባቫሪያ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትናንሽ ሆስፒታሎች ከትልልቅ ማዕከላት የነርቭ ሐኪሞች ጋር በቪዲዮ እየተገናኙ የስትሮክ ሕሙማንን ያክማሉ።

ካሜራ የማያየው አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ደም ሥሩ ተዘግቶ ነው ወይስ ፈንድቶ? ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አይለዩም። የሚለያቸው እንደ ሲቲ ስካን ያለ የአንጎል ምርመራ ነው።

«እንግዲያው በስልክ መድኃኒት ይዘዙልን»

አይሆንም። እየደማ ላለ አንጎል አስፕሪን መስጠት አደጋ ነው። የጎረቤት የግፊት ክኒንም እንዲሁ፤ ግፊቱ በአንዴ ከወረደ ለተጎዳው አንጎል የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ውኃም ቢሆን፣ ጠበልም ዘምዘምም፣ መዋጥ መቻላቸው ሳይታይ በአፍ አይሰጥ፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

«ኔትወርክ ደካማ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው»

ቪዲዮው ቢቆራረጥ እንኳ ተራ የድምፅ ጥሪ ትልቁን ሥራ ይሠራል። ድንገተኛ ክፍሉ አስቀድሞ ከሰማ የሲቲ ስካን ባለሙያው ይጠራል፣ አልጋ ይዘጋጃል። ማሽኑ በዚያ ሰዓት የማይሠራ ከሆነም ሐረጎን ሳይወጡ ይታወቃል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ መኖሩንም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በመደበኛው አሠራር የሚሰጠውም ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

ሐኪሙ አጥብቆ የሚጠይቀው «መቼ ጀመራቸው?» ብሎ ነው። ቤተሰቡ «አሁን ወድቀው አገኘናቸው» ይላል። ይህ መልስ አይበቃም፤ የሚፈለገው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩበት ሰዓት ነው። ማታ 3 ሰዓት ደህና ተኝተው ንጋት 12 ላይ እጃቸው አልታዘዝ ካለ የሚቆጠረው ከማታው 3 ነው፤ 9 ሰዓት አልፏል ማለት ነው። በዋትሳፕ የሚያማክረው ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሐኪም ከሆነ ደግሞ የእኛ ሰዓት መሆኑን ይንገሩት፤ የ6 ሰዓት ልዩነት እዚህ ላይ ቀልድ አይደለም። የሚወስዱትን መድኃኒት ፎቶ አንስቶ መላክ፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን ካለ፣ እንዲሁም የስኳር ሕመም እንዳለባቸው መናገር ይጠቅማል። የስኳር ማነስ ስትሮክ ሊመስል ይችላልና።

«ጣትን በመርፌ ወግቶ ማድማት ያድናል»

በቴሌግራም የሚዞር ተረት ነው። ጣት ቢደማ የአንጎል ደም ሥር አይከፈትም።

«እጁ ተመለሰለት፤ ከእንግዲህ ምን ሆስፒታል ያስኬዳል?»

ምልክቱ በደቂቃዎች ቢጠፋም ጊዜያዊ መዘጋት ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ስትሮክ የመከተል ዕድሉም ከፍ የሚለው በቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት ነው። ስለዚህ ጉዞው አይሰረዝ። ምልክቱ እየታየ ሳለ በስልክ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ካለ ሐኪሙ ያልደረሰበትን ያሳየዋል፤ ለመቅረጽ ተብሎ ግን መኪናው አይቁም።