ዳታ ሪከቨሪ ምንድን ነው? ዲስክ መጠገን ነውን?

ዳታ ሪከቨሪ ከዲስክ ላይ የጠፋን ወይም አልነበብ ያለን መረጃ መልሶ ማውጣት ነው እንጂ ዲስኩን መጠገን አይደለም። «ሃርድ ዲስካችሁ ቢበላሽ አትጨነቁ፤ ሪከቨሪ ሶፍትዌር ጭናችሁ ስካን አድርጉት፣ ሁሉም ይመለሳል» የሚለው ምክር ሰሞኑን እንደገና ሲዘዋወር አየሁ። መካሪው ቅን ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ነገር ግን የተሰረዘ ፋይልንና የተጎዳ ዲስክን አንድ አድርጎ በማየቱ፣ ምክሩን የሰማ ሰው የቀረችውን ዕድል በገዛ እጁ ያጠፋታል።

ዲስኩን እንደ እርሻ መሬት፣ ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚያሳየውን ዝርዝር ደግሞ እንደ መሬት መዝገብ እንያቸው። ፋይል ሲሰረዝ የሚፋቀው በቀበሌው የመሬት መዝገብ ላይ ያለው ስም እንጂ ማሳው አይደለም። ሰብሉ እንደቆመ ነው፤ መዝገቡ «ባለቤት የለውም» ስለሚል ግን ማንም ሊያርሰው ይችላል። ሶፍትዌሩ የተፋቀውን ስም ለማንበብ ይሞክራል፤ ካልሆነለትም ማሳ ለማሳ እየዞረ ሰብሉን በመልኩ ይለያል። እንደ ጎጃም ገበሬ ይዞታ በየቦታው የተበጣጠሰ ትልቅ ፋይል ከሆነ ግን፣ ያለ መዝገብ የትኛው ቁራጭ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? ብዙ ቪዲዮዎች ተመልሰው የማይከፈቱት በዚህ ምክንያት ነው። ፈጣን ፎርማትም መዝገቡን በአዲስ ከመተካት ብዙም አያልፍም፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ያለው ሙሉ ፎርማት ግን በየሴክተሩ (በእያንዳንዱ ትንሽ የዲስክ ክፍል) ዜሮ ስለሚጽፍ ማሳውን ገልብጦ ያርሰዋል። ሶፍትዌሩን ፋይሉ በጠፋበት ዲስክ ላይ መጫንም በቆመ ሰብል ላይ ጤፍ መዝራት ነው።

በተጎዳ ዲስክ ላይ ግን የተነካው መዝገቡ ሳይሆን አፈሩ ነው። በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ከሚሽከረከረውና መረጃው ከተጻፈበት ሳህን በላይ የማንበቢያው ሄድ በጥቂት ናኖሜትር ርቀት ይንሳፈፋል፤ ላፕቶፑ ሲወድቅ ሄዱ ሊጎዳና ሳህኑን ሊነካ ይችላል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ከጀመረ በኋላ የሚደረግ ስካን መፈለግ ሳይሆን መፋቅ ሊሆን ይችላል። ከፍኖተ ሰላም የመጣ፣ የሠርግ ፎቶዎች የነበሩበት አንድ ዲስክ ሌሊቱን ሙሉ ስካን ሲደረግ አድሮ ነበር፤ ሲከፈት በሚያንጸባርቀው ሳህን ላይ ግራጫ ቀለበት ዙሪያውን ተስሏል፣ ነጭ የነበረችው ትንሽ የአየር ማጣሪያም በተፋቀው ብናኝ ጠቁራለች። ያ ብናኝ ፎቶዎቹ ነበሩ፤ የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሳቸውም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ድምፅ የሚያሰማ ዲስክ ወዲያው ከኃይል ይነቀል፤ ሄዱ የሚቀየረው ከአቧራ በጸዳ ክፍል፣ ከተመሳሳይ ሞዴል በተወሰደ ሄድ ነው። ድምፅ ሳይኖረው ማንበብ ብቻ ያስቸገረ ከሆነ፣ እንደ ዲዲሬስኪው (ddrescue) ባለ የመገልበጫ ፕሮግራም መጀመሪያ ጤነኛው ክፍል፣ በመጨረሻም አስቸጋሪው ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል፤ ፍለጋው የሚካሄደው በቅጂው ላይ ነው። የዊንዶውስን የዲስክ መፈተሻ፣ ቼክ ዲስክን፣ ለጥገና ማስነሳት ግን እዚያው በታመመው ዲስክ ላይ መጻፍ ስለሆነ አይደረግ።

ሳልጠየቅ ሁለት ነገር ልጨምር። ከላይ ስለተሰረዘ ፋይል ያልሁት ለኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን ለሌለው፣ በቺፕ ላይ ለሚያስቀምጥ ዲስክ) እምብዛም አይሠራም፤ ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ትሪም የሚባለው ትእዛዝ የተሰረዘውን ቦታ ለዲስኩ ስለሚያሳውቅ፣ ዲስኩ ራሱ ቦታውን ያጸዳዋል። ሁለተኛው በእኛ አካባቢ የተለመደው ነው፦ መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚመጣው ከፍተኛ ኃይል የሃርድ ዲስኩ ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ብቻ ተቃጥሎ ሳህኑ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ቦርድ ገዝቶ መግጠም በአብዛኞቹ አዳዲስ ዲስኮች ላይ አይበቃም፤ ለዚያ ዲስክ ብቻ የተለካው መረጃ ያለበት ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ (ሮም) ከአሮጌው ተነቅሎ ወደ አዲሱ መዛወር አለበት። የተቃጠለውን ቦርድ አትጣሉት።